መውጫ የሌለው ጣቢያ

ባቡሩ ቆመና ከድልድዩ ማዶ፣
አንድ ጠባብ መድረክ፣ አንድ አግዳሚ ባዶ፤
መንገድ አይደርስበት፣ ቲኬት ቆራጭ የለ፣
መውጫ በር አልሠሩም፤ ከታች ወንዙ አለ፣
አረንጓዴ፣ ቀዝቃዛ፣ ድንጋይ የሚልስ።
ሰው ወርዶ አይቶት፣ ተሳፍሮ ሊመለስ
አሥር ደቂቃ ነው የተፈቀደለት።

ሺገሩስ ቢሆን፣ አርባ ዓመት ፊሽካ ነፍቶበት
በዚሁ መስመር ላይ፣ አንዴም አልወረደም፤
ከሰዓቱ በቀር ማየት አልለመደም።

ጡረታ ወጣና ከቤት ቢንጎራደድ፣
«ተነሥ» አለች ቺዙኮ፣ «እንደ ሰው እንሂድ!»
ሩዝ በባሕር ቅጠል ጠቅልላ ይዛለች፣
መሐሉ ላይ ኮምጣጣ ፕሪም ቀብራበታለች።

አግዳሚው ላይ ሆኖ አንዱን እንደ ጎረሰ
እንቅልፍ ጣለው፤
ወንዙ ብቻውን ፈሰሰ።

ሰዓቱ ደረሰ። በሩ ላይ የቆመው
ወጣት፣ ፊሽካ አነፋፍ ከእርሱ የተማረው፣
ሰዓቱን አየና፣ ሺገሩን አየና፣
ቺዙኮን አየ፤ ጣቷ ከንፈሯ ላይ ነውና
ፊሽካውን ወደ ኪሱ፤
ጎንበስ አለ፤ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ።
ባቡሩ በዝግታ ወደ ዋሻው አፍ ተጠጋ።

ሌላው የሚመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።
የእሱንም ሩዝ በላች፤
ፕሪሙን ብቻ ተወችው።