ርክክብ

ቁልፉ ይኸው፣ ሚርሳዳ። ትልቁ የመጋዘኑ፣
ትንሹ የሣጥኑ ነው፤ ተወልግዷል ክዳኑ።
አዲሱ ማሽን ሰኞ ጎተንበርግ ይገባል፤
በሰዓት ሠላሳ ሺህ ፖስታ ለይቶ ያነባል።
ከላይ የላኩት ንግግር ጠረጴዛሽ ላይ አለ፣
«ለውጥ ዕድል ነው» የሚል፣ በቀለም የተኳኳለ።
ተይው።

እኔ አንብቤው ነበር፣ የዛሬ ሦስት ክረምት፣
ሠራተኛው ተሰብስቦ፣ በረዶ ሲጥል ሌሊት።
ኢንግቫር ጓንቱን አውልቆ፣ አጥፎ አስቀመጠና፣
«መቼ ነው?» አለኝ ብቻ። ቀኑን መች አውቄው ገና!
«በቅርቡ» አልኩት፣ አፍሬ።
ያ «በቅርቡ» ሰባት ወር እንቅልፋቸውን ፈጀ፤
ቱላ ቤት ልትገዛ ነበር፣ ሐሳቧ በእጇ አረጀ።

«አላውቅም» ማለት ያን ቀን ምን ነበረ የሚያስፈራ?
ስታውቂ አንቺው ንገሪ፣ ሌላው ቀድሞሽ ሳያወራ።

ደግሞ ማሽኑ የሚተፋው፣ የአሮጊት የእጅ ጽሑፍ፣
በገና ሰሞን ይከመራል፤
ኢንግቫር ነው የሚፈታው፣ አጎንብሶ በመነጽር ጫፍ።
ጠይቂው። ከጎኑ ቁሚ። ሲያርምሽ አትቆጪ።

መስኮቱን አትክፈቺው፣ የወንዙ ብርድ አይጣል ነው።
ማሞቂያው ከቆመብሽ፣ ከታች በእርግጫ በይው፤
እዚህ ቤት በእርግጫ የሚሠራ
እሱ ብቻ ነው።