ውሃ አታሳየው

አባቴን ዓይኑን ላሳክመው ከመንዝ ያመጣሁት ለት፣
ደብረ ብርሃን ጥቅምት ነበር፣ ውርጭ የሚያድርበት ወራት።
ከመናኸሪያው ጀርባ ፔንሲዮን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል፤
አዲስ ፍራሽ አለው አልጋው፣ ሲተኙበት ገላ የሚመስል።
«ሜሞሪ ፎም ነው» አለ ልጁ፣ ቁልፉን እያንቀጨለጨለ፤
አባቴ በመዳፉ ጫነው፣ ዱካውን አየና፣
«ይኼማ ያስታውሳል» አለ።

ሌሊት የሆነው ሆነ።
ሰማንያ ዓመት የታጠቀ ሰው፣ አንድ ሌሊት ትጥቁ ላላ፤
ጎህ ሳይቀድ ተቀምጦ አገኘሁት፣ ከአልጋው ጠርዝ፣ ከግድግዳው ጥላ፣
ጋቢውን ከላይ ጥሎበት፣ መስኮቱን እያየ፣ ዝም።
እኔም ዝም።
ሽታው ግን ዝም አይልም።

«ልጄ፣ በሬሳ ወንዝ ሩቅ ነው? ተሸክሜ ሄጄ ላጥበው፤
ሰው ሳይነቃ እመለሳለሁ» አለኝ። ምን ልበለው?
ባልዲ ሙሉ ውሃ ቀዳሁ፣ ኦሞ በተንኩበት፤
ላፈሰው ስል በሩ ተንኳኳ። ጽዳቷ ናት፤
ሽታውን እንደ ደብዳቤ ያነበበችው፣ ገና ሳትገባበት።

ስሟ ዘነበች፤ ፍራሽ ላይ ግን ካፊያ እንኳ አትፈቅድም፤
«ተው! ባልዲውን መልስ፤ ስፖንጅ ውሃ ሲጠጣ አይጠግብም፣
የጠጣውን ደግሞ አይተፋም። በዚህ ብርድ መቼ ሊደርቅ?
ላዩ ደረቅ መስሎ ያታልልሃል፣ ውስጡ ሻግቶ ሲማቅቅ።
አሥራ ሁለት ቁጥርን ጠይቅ፤ ሠርገኞች ቢራ ደፍተውበት፣
አዲሱ ልጅ በጎማ አጠበው፤
በሳምንቱ እንጉዳይ በቀለበት።»

አባቴን ቀና ብላ አላየችም፤ አንገቱን እንዳይደፋ ነው፤
«አባባ፣ በረንዳው ፀሐይ አለው፤ እዚያ ይሙቁ» ብቻ ነው ያለችው።

ከዚያ ደረቅ ፎጣ አነጠፈች፤ በመዳፏ ጫነች፣ አነሳች፤
ጫነች፣ አነሳች። አላሸችም፤
«ማሸት ወደ ውስጥ ይነዳዋል» አለች።
አራት ፎጣ ረጠበ፤ አምስተኛው ደረቅ ሆኖ ወጣ፤
በውሃ የበረዘችው ኮምጣጤ፣ ከመስታወት መወልወያው ጠርሙስ፣
እንደ ጣርማ በር ጉም ስስ ሆኖ፣ ሳይንጠባጠብ መጣ።
ወዲያው በጨርቅ አደረቀችው። ቤኪንግ ሶዳ፣ በሻይ ወንፊት፣ ነሰነሰች፤
ውጪ ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ነው፤
ውስጥ ደግሞ ሌላ ውርጭ ሠራች።
«እስከ ስድስት ሰዓት አትንካው፤ ሽታውን ይጠጣ ይኼ ዱቄት፤
እኔ ገና አሥራ አንድ ክፍል አለብኝ» ብላ ሄደች፣
ባልዲዬንም ወሰደች፣ ለደረጃው እጥበት።

በስድስት ሰዓት መጣች። ዱቄቱን ጠረገች፣ ፍራሹን በጎኑ አቆመችው፤
መስኮቱን ወለል አድርጋ፣ ከጠራራው ጨረር አራቀችው፤
«ነፋስ እንጂ ፀሐይ አይወድም፤ ቶሎ ያስረጀዋል» እያለች።
ብርዱ ገርፎኝ ከሰል ላቀርብለት ብል፣ ዓይኗን አፈጠጠች፤
«ስፖንጅና እሳት? ፎቁን ልታነደው ነው?
ይልቅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስኮቱን ዝጋ፤ ጉሙ ሲመጣ ከገደሉ፣
እርጥበቱ ተመልሶ ይገባል፤ ልፋቴ ይቀራል በሙሉ።»

ያን ሌሊት በተዋሰችልን የጥጥ ፍራሽ መሬት ላይ አደርን።
በማግስቱ ሐኪም ቤት ዋልን፤ ተራችን ሃያ ሦስት፤ ጠብታ ሰጡን።

ስንመለስ እሷ ክፍሉ ውስጥ ናት፤ ጉንጯን ፍራሹ ላይ አስደግፋ፤
እርጥበት በእጅ አይታወቅም፣ ጉንጭ ነው ብርዱን የሚለየው።
አባቴ፣ ዓይኑ እንጂ ጆሮው ያልደከመው፣ ከበሩ ላይ፣
«ልጄ፣ ያ የሚያስታውሰው ፍራሽ... አሁንም?» አላት።
መልስ አልሰጠችም። እጁን ያዘች፣ ፍራሹ ላይ ጫነችለት፤
የመዳፉ ቅርጽ ጎደጎደ፣ አምስቱም ጣቶቹ፤
ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ሞላ።
«ይኸው አባባ» አለች፣ «ረሳ።»

ማታ ጥቅሉን ራሱ ፈታ፤ ቡናማ ባና፣ የመንዝ በግ ጠጉር፤
አልጋው ላይ በእጁ እየዳሰሰ አነጠፈው፣
ጥጉን ከጥጉ አስተካክሎ።
«ይኼ ይታጠባል» አለ፣ ለማንም ሳይሆን፤
«በእግር ቢረግጡትም አይከፋው።»