ሸክላ ሻጯ

አስቀምጠው ልጄ፣ እሱን አልሸጥልህም፤
ዝናቡ እስኪያባራ ምንም አያመልጥህም።
«ዓለምን የቀየረ» የሚል ወረቀት ለጥፌበታለሁ፤
ለቱሪስት ነው እሱ፤ በእሱ የሱቅ ኪራይ እከፍላለሁ።

ያ ሸክላ ደኒደን የደረሰው ሦስት ወር ዘግይቶ፣
በመርከብ፣ ጥጉ ተጣሞ፣ ሽፋኑ ጨው ጠጥቶ።
አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የፈርገስ ወንድም ክፍል፣
መስኮቱ የማይዘጋ፣ ማሞቂያው የማይግል።

አስማት ነበር ልበልህ? አልነበረም።
ግማሹ የፀጉር ቅባት፣ ግማሹ ምራቅ፤
ንዴቱ በልክ የተሰፋ፣ ከሩቅ የሚያስታውቅ።
ግን ከበሮ መቺው
በሁለተኛው ዘፈን መሀል ዱላው ከእጁ አመለጠው፤
ወለል ሲመታ ይሰማል፤ ማንም አላቆመ፣ ማንም አልቆረጠው።
እኔን የቀየረኝ ያ ነው።
የወደቀ ዱላ።
«ይሄንንማ እኔም እችላለሁ» አለ ሰውነቴ፣ አለ፤
ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ ለካስ የትም የለ።

በሳምንቱ ከፕሪስቢቴሪያኖች ጓዳ
አንድ እግሩ የጎደለ ከበሮ ገዛሁ፣ በዕዳ።
ሂኔሞአ ቤዝ፣ ፈርገስ ጊታር፤ ስማችን «እርጥብ ክብሪት»፤
እዚህ ከተማ እኮ ካልሲ ሳይደርቅ ያልፋል ክረምት።

አሁን አስተያየቴን ስማ፤ ካልጣመህ በሩ ያው።
ፓንክ ጩኸት አይደለም፤ ጩኸትማ ወደቡ ላይ ሞልቷል፣
መርከብ ሁሉ ጡሩንባ አለው።
ፓንክ ሳይችሉ መጀመር ነው።
ኢንዲ የምትሉት ደግሞ ሳይችሉ መቀጠል፤
ቀን ዓሣ ፋብሪካ ውሎ፣ ማታ በሰው ኩሽና
የተበጠሰ ሽቦ በፕላስተር መቀጠል።
ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ውል የፈረመው፣ በመብራት የታጀበ፣
ጎበዝ ነው፣ አልክድም፤ የሆቴል ሾርባ ነው፤
ማንንም አላቃጠለ፣ ማንንም አላጠገበ።

እኛ በሂኔሞአ አክስት ኩሽና ቀዳን፣ በአራት ትራክ፤
ፍሪጁን መንቀል ረስተን
ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮን ሲያንጎራጉር።
ሦስት መቶ ቅጂ፤ ሽፋኑን በድንች ማኅተም አተምን፤
ሁለት መቶው ዛሬም አልጋዬ ሥር ነው።
ተጽዕኖ ፈጣሪ ይሉሃል!

ቆይ፣ አትሂድ። ገና ይዘንባል።

ሂኔሞአ አንድ ዘፈን ነበራት፣ ስለ አባቷ ጫማ፤
በር ላይ ስለቀረ ጥንድ ቡት፣ ማንም ስላላነሳው፤
ሳትጮህ የምትለው፣ ትንፋሿ እንኳ እንዲሰማ።
«ይሄ ፓንክ አይደለም» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።
ፈቃድ ሰጪ ቢሮ የለም ብዬ የማልኩት
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ማኅተሙን መታሁት።
ዘፈኑ ከሸክላው ወጣ። እሷም ወጣች፤
ወደ ደቡብ፣ ወደ ብላፍ ወርዳ፣ ኦይስተር ስትከፍት ኖረች።

ባለፈው ሰኔ አንዲት ልጅ፣ እንዳንተ በዝናብ የገባች፣
ከግላስጎ ነኝ ብላ ካሴት ከኪሷ አወጣች።
ያ የጫማው ዘፈን።
አንዱ ለአንዱ፣ አንዱ ለአንዱ ሲቀዳው፣
ባሕር ተሻግሮ፣ ተሻግሮ፣ ድምፁ ሳስቶ፣ ሳይጠፋ።
«ባንድ የጀመርነው በዚህ ነው» አለችኝ።
«ያ ከኋላ የሚያንጎራጉረው ድምፅ፣ እንዴት አመጣችሁት?»
«ፍሪጅ ነው» አልኳት። ሌላውን ዋጥኩት።

ብላፍ ስልክ አለ። ቁጥሩንም አውቀዋለሁ።

እንዲህ ነው፤ ሸክላ ሻጭ ነኝ፣ የሰበርኩትን አልሸጥም።
ይሄን ውሰድ፤ ካሴት ነው፤ ሂሳብ የለውም፤
ማጫወቻ ከሌለህ ተበደር።
አባራ መሰለኝ፤ ጃኬትህን ዝጋ፤
ደግሞ ስትሰማው
ፍሪጅህን እንዳትነቅል።