ሰኞ ባሕር ባቲ ይወጣል

ባሕር አይቼ አላውቅም። አጎቴ እብሬ ግን ያውቃል፤
ዛሬም ስሙን ሲጠራ ከንፈሩን በምላሱ ይነካል፤
ጨው ቀርቶበት እንደሆን ያጣራል።

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የከባድ መኪና ረዳት፣
ታኮ ሲያስገባ ሲያወጣ ከደሴ እስከ አሰብ ቁልቁለት።
ኋላ መንገዱ ተዘጋ፤ እሱም ሸዋ በር ላይ ተቀመጠ፣
ጎማ እየለጠፈ። ዕድሜው ሄደ፤ ባሕሩ ግን ከላዩ አልተላጠ።

«ውሰደኝ» አልኩት፤ «ሐሩሩን ልየው፣ ጠረፉን፣
የሰዉን አኗኗር፣ ዘንባባውን፣ የባሕሩን አፉን።»
ሳቀ።
«እስከሚያስሄደን እንሂድ፤ የቀረውን እነግርሻለሁ።»

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሚኒባስ ውስጥ ተጣበን፣
ሐረጎን ዞረን ዞረን፣ ጉሙን ከላይ ጥለን፣
ሹራቤን ኮምቦልቻ አወለቅሁ፣ ፎጣዬን ደጋን ላይ፤
ዛፉ እያጠረ ሄደ፣ እየሰፋ መጣ ሰማይ።
አጎቴ በየመታጠፊያው እግሩን ወለሉ ላይ ይጫናል፤
ፍሬን በሌለው ወንበር ተቀምጦ ፍሬን ይይዛል።

ባቲ።
ገበያው ከኮረብታው ጫፍ እስከ ወንዙ አሸዋ ፈሷል፤
ግመል ተንበርክኮ፣ አንገቱን አንሥቶ፣ ሰው ይታዘባል።
ኦሮምኛ ዋጋ ይጠራል፣ አማርኛ ዋጋ ይቀንሳል፣
አርጎብኛ መሐል ገብቶ ያስማማል፤
አፋርኛ ጊሌውን ታጥቆ፣ ዝም ብሎ፣ ጨው ላይ ተቀምጧል።

ሰሌን የምትሸጥ ልጅ ዛጎል ከአንገቷ አሥራለች።
«ከየት ነው?» አልኳት። «ከእናቴ» አለች።
«እናትሽስ?» «ከእናቷ።» ከዚያ ወዲያ ወሬ የላትም፤
ባሕር ከአንገት ወደ አንገት ሲሻገር ስሙን አያወርስም።

አጎቴን ፈልጌ ፈልጌ ከግራር ሥር ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት፤
ፊት ለፊቱ ሁመድ የሚሉት ግመል ነጂ፣ በትሩን በትከሻው ያጋደመው።
ዳጉ ይዘዋል።
በቆላው ሰው ሲገናኝ ሰላምታው ወሬ ነው፣
ያዩትን፣ የሰሙትን፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ የሚሰጣጡት ነው፤
ዝናቡ የት ጣለ፣ የማን ግመል ወለደች፣
የትኛዋ ኩሬ ደረቀች።

«ባሕሩስ?» አለ አጎቴ። ድምፁ ትንሽ ተሰበረ።
ሁመድ አፈሩን በበትሩ ጫረ።
«እኔ አላየሁትም። ከኤሊ ውሃ እስከ ሚሌ ነው አገሬ።
ያየው ለሌላ ነገረ፣ ያም ለሌላው፤ አምስተኛ አፍ ነው ወሬዬ።
በቦታው አለ፣ ይላሉ። ይኸው ነው።»

አጎቴ ዝም አለ። ቆይቶ፣ ጉልበቱን ይዞ እንደ መሐላ፣
እሱ ጀመረ መንገር፣ ከፊት ወደ ኋላ፦
«ውሃው ጧት ጧት እንደ ተልባ ለስልሶ ይተኛል፤
ከሰዓት ነፋስ ሲነሣ እንደ ጤፍ ማሳ ይታጠፋል።
ማታ ሲያፈገፍግ ሸርጣን ይወጣል፣ በጎኑ የሚሄድ፣
እንደ ተሳቢያችን ጅራት በጭቃ መንገድ።
እግሩን ውሃ ውስጥ የተከለ ዛፍ አለ፣ ጨው ጠጥቶ የሚያድር፤
ግመል ቅጠሉን ሊበላ እስከ ጉልበቱ ይገባል ከባሕር።
ሳልማን የሚባል ዓሣ ጠባሽ አለ። ዓሣውን ሰንጥቆ ምድጃው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤
ገንዘብ ያጣህ ቀን በከሰል ስምህን በሩ ላይ ይጽፋል።
የኔም ስም እዚያ ነው። አምስት ብር።»

ሁመድ አላቋረጠውም። አንዱን ብቻ ደግሞ ጠየቀ፦
«ዛፉ ጨው ይጠጣል?»
«ይጠጣል።»
ተነሣ፣ ግመሎቹን አስነሣ፣ ቁልቁል ዘለቀ።

ሃያ ምናምን ዓመት ያደረ ወሬ፣ ትኩስ ሆኖ፣ ወረደ።
ነገ ሚሌ ይደርሳል፣ ከዚያ ከአፍ ወደ አፍ፣ ማን ያውቃል እየሄደ እየሄደ
አንድ ቀን ሳልማን ካለ፣ ሳልማን በሩን ካላደሰው፣
«የደሴው እብሬ ዕዳውን አልረሳም» ይለው ይሆናል አንድ ሰው።

እኔ ሰሌኔን ጠቅልዬ ተሳፈርኩ።
ባሕር አላየሁም።
ሐረጎ ላይ ብርዱ ሲመጣ ሹራቤን ለበስኩ።
አጎቴ አጠገቤ አንቀላፍቷል፤ እግሩ ወለሉን አልረገጠም።
ዳገት ነው። ፍሬን አያሻም።