ግሥ በውጫሌ

ውጫሌ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ከምሳ መልስ፤
የቆርቆሮው ሙቀት አንገት ሲያስቀልስ፣
መምህር አሊጋዝ «ኦቤይ» ብሎ ጻፈ፣
ከጎኑም «ታዘዘ»፤ ጠመኔ አራገፈ።
«ልብ በሉ፣ ‹ቱ› የሚሉት አይከተለውም፤
ፈረንጅ ሲታዘዝ ‹ለ› ማለት የለውም።»

ጦይባ ተነሳች፦
«እህቴን አዘዟት፣ ጂዳ ሂጂ ብለው፤
ታዘዘች ይባላል፤ እሺ ያለው ማነው?»

መምህሩ ዝም።
መንገዱን አየ፤ የአምባሰልን ገደል አየ።
«እዚሁ ውጫሌ፣ ውል ሲፈረም ድሮ፣
ያጣላን ግሥ ነበር፣ ሁለት ፍቺ ቋጥሮ»
አለና ዳስተሩን አነሳ፤
የመጨረሻዋን «ዘ» ጠረጋት፣
«በ» ጻፈባት።

ታዘበ።

ደወል ተደወለ። ሁላችን ገልብጠናል፤
ሰሌዳ ላይ ያለ ይገልበጥ ተብለናል።