ኾሩ ዳር፣ በሁዳዴ

ዘጠነኛ ፎቅ ላይ መስታወት ስወለውል
ሁለት ዓመት ሙሉ ከላይ ሆኜ ሳየው
ወንዝ ነበር የመሰለኝ። ወንዝ አይደለም አሉኝ፤
የባሕር ምላስ ነው፣ ደይራን የሚልሰው።

ዛሬ እረፍቴ ነው። መጋቢት ነው። ፀሐዩ
ገና አልከረረም፤ ሰው ጥላ አይሻማም።
ከቤት እስከ ኾሩ አሥራ አራት ደቂቃ፤
እንዲህ ቅርብ መሆኑን እግሬም አላመነም።

የአምስት ድርሃም ክር፣ የሁለት መንጠቆ፣
ለማጥመጃ ደግሞ የትናንት ዳቦ፤
ክሩን የጠቀለልኩት በፕላስቲክ ጠርሙስ፣
ከአልጋዬ ሥር የከረመ፣ ለዚሁ ተደብቆ።

የዝዋይ ልጅ ነኝ። ዓሣ አውቃለሁ እኔ፣
ከሞተ በኋላ፦
ቅርፊቱን መፋቅ፣ ሆዱን መቅደድ፣
ሥጋውን ከአጥንቱ በአንድ ትንፋሽ መግፈፍ።
መረቡም፣ ታንኳውም፣ ስሙም የወንድሜ፤
የእኔ ዳር ላይ ሆኖ በቢላ መሰለፍ።

እናም ስወረውር ክሩ ተጠላልፎ
ጫማዬን አጠመድኩ። ቀጥሎም አጥሩን።
አጠገቤ ያለው ሳቁን ዋጥ አድርጎ
መጣና ፈታልኝ፣ ሳይጠይቅ ስሜን።

ሻምሱል ነው። አብራ ይነዳል፣
ሰው ያሻግራል በአንድ ድርሃም።
በአገሩ፣ አለኝ በተሰባበረ ዓረብኛ፣
ሠርግም በጀልባ ነው፣ ቀብርም።
“ሹወይ ሹወይ” አለ፣ ውኃውን እያሳየኝ፤
“ሲሄድ አይበላም። ሲመለስ ጠብቂው።”

ያኔ ነው ያየሁት።
መጀመሪያ ቆመ። የብርቱካን ልጣጭ
ባለበት ዞረና
ወደ መጣበት ሄደ።
ወንዝ ሲመለስ አይቼ አላውቅም፤
የእኛ አገር ወንዝ አንዴ ከወረደ ወረደ።
እህቴም እንደዚያው፣ ቤይሩት።
ይኸኛው ግን እንደኔ በፈረቃ ነው፣
ይገባል፣ ይወጣል፣
“ደከመህ ወይ?” የሚለው የለም።

ክሩ ጣቴን ነካ።
መጀመሪያ ቀሚስ እንደሚጎትት ሕፃን፣
ከዚያ እንደ ባለ ዕዳ።
ስቤ ሳወጣው ብር የመሰለ፣ ክንድ የማያህል፣
ድንጋዩ ላይ ዘለለ፣ ቤት እንደጠፋበት እንግዳ።

“ቢያሕ” አሉ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው።
“ፓርሼ” አለ ሻምሱል።
ቆሮሶ አይደለም፤ አምባዛም አይደለም፤
በእኔ አፍ ዓሣ ነው። ዝም ብሎ ዓሣ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ወይ ጉድ! ሁዳዴ።
ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ፤
እናቴ ግን ከእነሱ አይደለችም፣
በሁለት ባሕር ማዶም ታየኛለች።
ሻምሱልም ረመዳን ላይ፣
ከንጋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሰም።
ቆመን አየነው፤ አየን።
ከሦስታችን አፉን የከፈተ እሱ ብቻ ነበር።

“ውሰደው” አልኩት።
በአሮጌ ጋዜጣ ጠቀለለው፣ ጭራው ወጥቶ ቀረ።
አዛን ሲል ከፌስታሉ አምስት ቴምር አወጣ፣
ሦስቱ ለእሱ፣ ሁለቱ ለኔ፤
ማፍጠሪያ ጎዶሎ ቁጥር ነው አለ።
ቴምር የጾም ነው። እናቴም አትቆጣም።

እጄን በሎሚ አጠብኩት፣ በኦሞ ደገምኩት፤
ሊፍት ውስጥ ሳሸተው አለ፣ ከጥፍሬ ሥር።
ነገ ጠዋት ጫማውን ሳስርለት
ትንሹ ራኢድ አፍንጫውን ይዞ
“ምንድን ነው የሸተተው?” ይለኛል፤
ትናንት የት ዋልሽ? ይለኛል።
እዚሁ ነበርኩ፣ እለዋለሁ። ታች።
መስታወቱን ወልውዬልሃለሁ፣ እይ።

ጠርሙሱ ከአልጋዬ ሥር ገብቷል።
ክሩ ገና አልደረቀም።