ብሎክ ሰማንያ አራት

ቀን ቀን ገላን ዳር፣ ፋብሪካ ግቢ፣ ብሎኬት እቆጥራለሁ፤
ሲሚንቶ በቅንድቤ፣ አሸዋ በጥርሴ ይዤ እገባለሁ።
ማታ ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሰማንያ አራት፣ የመጨረሻው ፎቅ፣
ሌላ ብሎክ እቆጥራለሁ፤ የማይዳሰስ፣ የማይሰነጠቅ።

ላፕቶፑ ከምናለሽ ተራ ነው፤ ማጠፊያው በሽቦ የታሰረ፣
አንድ ቁልፍ ከረድፉ የወለቀ፣ ጥግ ጥጉ የተሰበረ።
ሻጩ ሳቀ፤ «ወንድሜ፣ አንድ ቁልፍ ቢጎድል ምን አለበት?»
ቁልፍ መጉደል ምን እንደሆነ ያኔ ማን አወቀበት።

ሃርድ ዲስኩ ለብቻው፤ የሁለት ወር ደመወዝ፣ የአንድ ወር ኩርፊያ፤
ስንዱ «ለዚች ሣጥን ነው?» አለች፤ «ፍሪጅ አልነበር መጀመሪያ?»

ጥቁር ስክሪን።
ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፣ በጣት የሚነካ የለው፤
አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ፣ ብልጭ ድርግም፣ «እህስ?» እንደሚል ሰው።
ትእዛዝ ስጽፍለት ይሰማል፤ አንድ ፊደል ብገድፍ ይቆጣል፤
እንደ ባንኳ ልጅ «ሲስተም የለም» ብሎ አይመልሰኝም፤
የቱ ጋ እንደሳትኩ ያሳየኛል።

ማውረድ ጀመረ። ከመጀመሪያዋ ገጽ፣ ከመጀመሪያዋ ሳንቲም፤
ማን ለማን እንደከፈለ አንድ በአንድ ይመረምራል፤ ማንንም አያምንም።
አሥራ ሁለት ከመቶ። አሥራ ዘጠኝ። ሠላሳ አንድ ከመቶ።
መብራት ሄደ።
ሲመጣ፣ «ተበላሽቷል፤ እንደገና ልጀምር?» አለኝ፣
እንደ ባነነ ሰው፣ ዓይኑን ከፍቶ።
አዎ አልኩ።
በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ አዎ አልኩ።

ከታች ጋሽ ቶሎሳ አሉ፣ የዕድራችን ጸሐፊ፤
መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልለው ፍራሽ ሥር የሚያሳድሩ።
አንድ ሌሊት በሻማ መጡ፤ «ጣሪያዬ ላይ ምንድነው የሚያጉረመርመው?»
«መዝገብ ነው» አልኳቸው።
«የማን?»
«የሁሉም።»
«ጸሐፊውስ?»
«ማንም፣ ሁሉም። ሺህ ቤት ሺህ ቅጂ አለ፤
አንዱ ልሰርዝ ቢል ሌላው እሺ አይልም።»
ዝም አሉ። ሻማው ጣታቸው ላይ ቀለጠ።
ያ ገንዘብ ያዥ ሁለት ገጽ ገንጥሎ፣ የድንኳኑን ብር ይዞ የተሰወረ ጊዜ፣
«አንድ መዝገብ ብቻ ነበረን» አሉኝ፣ በትካዜ።

በማግስቱ ከቆመችው ላዳቸው ባትሪዋን ፈተው፣
በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በየደረጃው እያረፉ፣ ተሸክመው፣
በሬ ላይ አስቀመጡት።
«መዝገብ መሐል ላይ አይቋረጥም» አሉና ወረዱ።
ያን ሌሊት ብሎኮቹም፣
አንድም ሳይቀር፣ ወረዱ።

መቶ ከመቶ ሲል ያጨበጨበ የለም፤ ስንዱ ተኝታለች።
«ቀሪ ሒሳብ?» ብዬ ጻፍኩ።
ዜሮ፣ ነጥብ፣ ከነጥቡ ኋላ ስምንት ዜሮ።
ግን የራሴ ዜሮ ነው! ማንም ያልነገረኝ፣ ማንም ያልማለልኝ፣
ከዓለም መዝገብ መጀመሪያ ገጽ አንስቼ ያረጋገጥኩት ዜሮ።
ሻይ አፍልቼ ጠጣሁበት።

ቦርሳው ታዲያ አሥራ ሁለት ቃል ሰጥቶኛል፤ እነሱ ከጠፉ ጠፋሁ።
ወረቀት ላይ እንዳላኖር ጣሪያው ያፈሳል፤
ስልክ ላይ እንዳልጽፍ፣ ቃሊቲ ታክሲ ላይ አንዴ ተሰርቄያለሁ።
ስንዱን አማከርኳት። እያዛጋች፣
«ግጥም አድርጋቸው» አለች፤ «ግጥም ማን ይሰርቃል?»

እንግዲህ አንባቢዬ፣ እዚሁ ውስጥ ናቸው፤
ምናልባት አሸዋው፣ ምናልባት ሽቦው፣ ምናልባት ፍራሹ፤
በእንግሊዝኛ መልሰህ፣ ተራቸውን አውቀህ፣ ከደረስክባቸው።
ተራቸውን እኔ እንኳ ስደክም እስታለሁ፤ ስንዱ ግን በቃሏ ይዛዋለች፤
ፍሪጁ እስኪመጣ ለማንም አልናገርም ብላለች።
ሰሙ ይኸው። ወርቁንም ብታገኘው
እስካሁን ዜሮ ነው።
ባትሪው ደግሞ የሰው ነው።